የቆስጣው መደብ

የወረዳው አረንጓዴ ልማት ኃላፊ ቅዳሜ ጠዋት ቢሮ ይገባል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። መምህርቷም የመጣችው ወደ ዕቃ ቤቱ ብቻ ነው፤ ዶማና አካፋውን፣ ከትናንት ጀምሮ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ያደረውን ለተከላ የሚሆን የአኻያ ዛፍ ቁራጭ አውጥታ ለጋሪ ገፊው ልታስረክብ። ዕቃ ቤቱንና የኃላፊውን ክፍል የሚለየው ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው፤ ኮምፔንሳቶ ደግሞ ዓይን እንጂ ጆሮ አይከለክልም። "ሴቶቹ አልተነገራቸውም፣ ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?" ይላል ኃላፊው በስልክ፣ አፉ ውስጥ የሚያላምጠው ነገር እንዳለ። "ከነገርናቸው አቤቱታ ነው፣ ለቅሶ ነው፣ ዛሬ ነገ ስንባባል ክረምት ይገባል። አይ፣ ደንብ አስከባሪ ለዛሬ አያስፈልግም። የኛ ሠልጣኞች አሉ አይደል? የዛሬ ትምህርታቸው መጤ ተክል ነቀላ ነው፤ አትክልቱንም እነሱው ይነቅሉታል። ካሜራ ባለበት ማን ደፍሮ ይጮኻል? ሴቶቹም ቢሆኑ ያው መጤ ናቸው፣ ከነተክላቸው ይነሳሉ።" በራሱ ቀልድ ሳቀ። መምህርቷ ዶማውን በሁለት እጇ እንደያዘች፣ መሬት ላይ ብታስቀምጠው ድምፅ የሚያሰማ ይመስል፣ ቆማ ቀረች።

ቃሉ የእሷ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ስታስተምር ሰሌዳው ላይ ስትጽፈው የኖረችው ቃል ነው፤ ሀገር በቀል በዚህ በኩል፣ መጤ በዚያ በኩል። መጤ ያለቻቸው ግን ውሃ ጠጥተው የማይረኩትን ባሕር ዛፎች፣ ወንዙን የሚያፍኑትን አረሞች፣ ወፍ የማያርፍባቸውን፣ ንብ የማትቀስማቸውን የአጥር ጌጦች ነበር። ሰው ላይ ሲለጠፍ ሰምታው አታውቅም። በወንዙ ዳር ተዳፋት ላይ አትክልት የሚያለሙት ሴቶች አራት ናቸው። ከአራቱ አንዷ፣ ገበያው ውስጥ እትዬ ቆስጣ እየተባለች የምትጠራው፣ እሷን ከሕፃንነቷ ጀምሮ አሳድጋ ያስተማረቻት አክስቷ ናት። ኃላፊው ይህን አያውቅም። የሠራተኞቹን ዘመድ የሚጠይቅ ዓይነት ሰው አይደለም።

ከሁሉ የከነከናት ግን ሌላ ነው። ባለፈው ክረምት ዳርቻው ሲናድ፣ ይህ ቦታ በሀገር በቀል ተክል ካልተያዘ ከታች ያሉት ቤቶች አይተርፉም ብላ ስብሰባ ላይ የተናገረችው ራሷ ነበረች። እውነቷን ነው፣ ዛሬም ታምንበታለች። ያኔ ግን ሴቶቹን ይዘን፣ አንድ አንድ መደብ እየቀነስን፣ ሌላ ቦታ እየፈለግንላቸው ብላ ነበር። ኃላፊው የወደደውን ግማሽ አንስቶ ያልወደደውን ግማሽ እዚያው የስብሰባው ጠረጴዛ ላይ ትቶት ሄዷል ማለት ነው። በሩን አንኳኩታ ልትገባ አሰበች። ገብታ የምትለውን ግን አላገኘችም፤ ቃሉ ሁሉ ኮምፔንሳቶውን አልፎ ሲሄድ ልመና እየሆነ ታያት። ዕቃውን ለጋሪ ገፊው አስጫነች፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ኪሷ ከተተችና፣ ትምህርቱ እስኪጀምር ጊዜ ስለነበራት፣ እግሯ ወደ ቤት ወሰዳት።

ቤታቸው በአንድ ግቢ ውስጥ ከተደረደሩት ቤቶች የመጨረሻው ነው፤ ሁለት ክፍል፣ በመካከላቸው በር የሌለው ደፍ፣ በደፉ ላይ ከእርጅና ብዛት አበባው የጠፋ መጋረጃ። የፊተኛው ክፍል የአክስቷ ነው፤ ቀን ቀን ሳሎንም ማድ ቤትም፣ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ የአትክልት መጋዘን ይሆናል። አክስቷ ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ተቀምጣ ሌሊት በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ያደረውን ቆስጣ እስር እስር ታደርገዋለች። ትልልቁን ቅጠል ከውጭ፣ ትንንሹን ከውስጥ፤ ማሰሪያው ከአሮጌ ጨርቅ የተቀደደ ነው፤ የፊት ጥርሷን ቋጠሮ ለማጥበቅ እንጂ ለመሳቅ የምታወጣው አይመስልም። ወለሉ ረጥቧል። የጭቃና የቅጠል ሽታ አለ፤ መምህርቷ ይህን ሽታ በልብሷ ይዛ ትምህርት ቤት ስትሄድ ያደገች ስለሆነች፣ ሌላ ቦታ ሲሸታት እንኳ አንገቷ ይሞቃል።

"ምነው? ገና ከመሄድሽ?" አለች አክስቷ ቀና ሳትል።

"ጃንጥላ ረስቼ።"

"ሰማዩ እንዲህ ጠርቶ?"

"ከሰዓት ይጥላል ብለዋል።"

አክስቷ ወደ ቆስጣዋ ተመለሰች። በእነሱ ቤት ዝምታ እንደ ዕቃ ነው፤ የራሱ ቦታ አለው፣ ሰው ሲያልፍ ይዞረዋል። ከዓመት በፊት መምህርቷ፣ አክስቷ ተባይ ለመግደል የምትረጨው መድኃኒት ታጥቦ ወንዝ ሲገባ እንቁራሪቱን ሁሉ እንደፈጀው ተናግራ፣ አክስቷ ደግሞ "እንቁራሪት ነው ያስተማረሽ?" ብላ መልሳላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ መደቡ ሁለቱም አያነሱም። አክስቷ መድኃኒቱን መርጨት ትታው እንደሆነ መምህርቷ አልጠየቀችም፤ መምህርቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰው ምን እንደምትነግር አክስቷም አልጠየቀችም። የሚያወሩት ስለ ኪራይ፣ ስለ ውሃ ተራ፣ ስለ ጎረቤቱ ሳል ነው።

"ዛሬ እስሩ ስንት ነው?" አለች መምህርቷ፣ ጃንጥላውን ከመስኮቱ መቀርቀሪያ እያወረደች።

"ትናንት በአሥራ አምስት ብር ሸጫለሁ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ሃያ እላለሁ፣ በአሥራ ሰባት ይወስዱታል።" አክስቷ አንዱን እስር አራግፋ ከሌሎቹ ጎን አጋደመችው። "የታችኛው መደብ ገና ለሁለት ቆረጣ ይበቃል። የላይኛው እንዳለ ነው። ዘንድሮ ለፍቻለሁ።"

ጊዜው አሁን ነበር። "እትዬ" ብላ ጀመረች መምህርቷ። አክስቷ በዚያን ጊዜ ቀና አለች፤ ፊቷ ላይ ጉጉትም ጥርጣሬም አልነበረም፣ ገና ሳይነጋ የተነሣ ሰው ድካም ብቻ። "እ?" አለች። መምህርቷ የሚመጣውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አየችው፤ ይህ ፊት ሲለወጥ፣ ቅርጫቱ እንዳለ ሲቀር፣ አክስቷ እየሮጠች ወደ ወንዙ ስትወርድ፣ ካሜራ ፊት ስትጮኽ፣ ኃላፊው ፈገግ ብሎ እንደዚህ ነው የሚያደርጉን ሲል። ምናልባት ሳትሰማ እዚያው አስተካክለው ይሆናል አለች በልቧ። ምናልባት እኔው አስቀረዋለሁ። "ቁርስ በልተሻል ወይ ልል ነው" አለች። አክስቷ ሌላ ቅጠል አነሣች። "የበላሁ ይመስልሻል?" አለች። መምህርቷ ወጣች።

መንገዱ ላይ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። አንዴ ዳቦ ቤቱ ጋ ደርሳ ዞረችና ግቢው በር ድረስ መጥታ፣ አክስቷ ከጎረቤቷ ጋር ስትሳሳቅ ሰምታ አለፈች። ሁለተኛ ጊዜ ጫማ ሰፊው "ዛሬ ምን ጠፍቶሽ ነው የምትመላለሺው?" ሲላት አፈረችና ቀጥ ብላ ሄደች። ጃንጥላው እጇ ላይ ከበዳት። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ያገኘችውን ሁሉ ትነካ ነበር፤ የአጥሩን ሽቦ፣ ኪሷ ውስጥ ያለውን ቁልፍ፣ የሸሚዟን ቁልፍ። አክስቷ አሁን ቅርጫቷን ተሸክማ ወደ ገበያ ወጥታለች፤ ወደ መደቧ የምትወርደው እኩለ ቀን ላይ ውሃ ልታጠጣ ነው። ትምህርቱ ከዚያ በፊት ያልቃል። ማስቀረት ከቻለች ማንም ምንም ሳይሰማ ቀኑ ይመሻል። እግሯ ግን በልቧ ስሌት አላመነም፤ ድንጋዩን ሁሉ እየመታ ነው የሄደው።

ወንዙ ዳር ሠልጣኞቹ ቀድመዋታል። ሃያ ያህል ናቸው፤ ግማሾቹ በአሮጌ ጫማ፣ ግማሾቹ በቅዳሜ ልብሳቸው። የሌሊት ተረኛ ሆና ያደረችው ነርስ ሳትተኛ መጥታለች፤ ቤት ከገባሁ አልነሣም ትላለች ሁልጊዜ። ጡረተኛው የባቡር ሠራተኛ ከቤቱ ያመጣውን የራሱን ዶማ ይዟል፤ የመንግሥት ዶማ እጀታው ይነቃነቃል ብሎ አይነካውም። ተዳፋቱ ከእነሱ በላይ እንደ ደረጃ ይወጣል፦ ከውሃው አጠገብ የታችኛውና የላይኛው የቆስጣ መደብ፣ ከነሱ በላይ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሽንኩርት። ከቆስጣው በታች ዳርቻው እንደተገመጠ ዳቦ ቦጭ ብሎ ቆሟል፤ አፈሩ ጥቁርና እርጥብ ነው፣ አንዳንድ ነጭ የቆስጣ ሥር በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። በማዶ በኩል፣ ማንም ያላረሰው ቦታ፣ ቄጤማውና ሸንበቆው ተያይዞ ውሃው ውስጥ ድረስ ገብቷል፤ ዳርቻው አልተነካም፣ ወፎቹም ያሉት እዚያ ነው።

ነቀላውን ትታ በሥር ጀመረች። ነገሩን ለማቆየት ብላ ነበር፤ አፏ ግን የለመደውን ያውቃልና እያሞቃት ሄደ። ከማዶ ያስመጣችውን አንድ የቄጤማ ጉቶ አንሥታ አሳየቻቸው፤ አፈሩ ሥሩ ውስጥ ተሸምኖ አልፈርስ ይላል። እንካችሁ፣ አራግፉት አለቻቸው። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ጡረተኛው እንደ ምንጣፍ ደብድቦትም ጥቂት ብናኝ ብቻ ወረደ። የአኻያውን ቁራጭ እንዴት እንደሚተክሉ አሳየቻቸው፤ ክንድ የሚያህለውን እንጨት ቡቃያው ወደ ላይ ሆኖ፣ ከሦስት እጁ ሁለቱን ከመሬት በታች ቀብሮ፣ በትንሹ ወደ ውሃው ዘመም አድርጎ። ሥር ሲሰድ ዳርቻውን እንደሚሰፋው፣ ጥላው ሲወድቅ ውሃው እንደሚቀዘቅዝ፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ ዓሣና እንቁራሪቱ እንደሚመለስ፣ ከዚያ ወፉ። "አንዱን ብትመልሱት ሌላውን ጎትቶ ይመጣል" አለች። ነርሷ ይህንን በደንብ ገባኝ በሚል ራሷን ነቀነቀች፣ ከዚያም ወደ መደቡ ጠቁማ "ቆስጣስ?" አለች። "ሀገር በቀል ነው መጤ?"

"ገበያ ሲሆን ሀገር በቀል ነው" አለ አንዱ ከኋላ፣ ሰዉ ሳቀ።

መምህርቷ አልሳቀችም። "የቆስጣ ሥር ስንዝር ነው" አለች፤ እውነት ስለሆነ ሌላ ልትል አልቻለችም። "በየጊዜው ስለሚቆፈር አፈሩ ይላላል። ዝናብ ሲመጣ የሚይዘው የለም።" ይህን ብላ እንደጨረሰች የጡረተኛው ዓይን ከአኻያው ላይ ተነሥቶ ቆስጣው ላይ ሲያርፍ አየችው። እውነት መናገሯ ለአክስቷ ጉድጓድ እየቆፈረ እንደሆነ ያኔ ገባት።

ኃላፊው የመጣው በዚያን ጊዜ ነው፣ ካሜራ የተሸከመ ሰው አስከትሎ፣ ጭቃ ላይ እግሩን እንደ ድመት እያነሣ። ሠልጣኞቹን አመሰገነ፤ ከተማው በእናንተ ይኮራል አለ። ከዚያም እጁን ከቆስጣው እስከ ሽንኩርቱ ዘርግቶ፣ "ዛሬ ይህን በሙሉ አንሥተን ቦታውን ለተፈጥሮ እንመልሳለን" አለ። "መምህርት፣ አስጀምሪያቸው።"

"ዛሬ ነቀላ የለም" አለች መምህርቷ።

ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ቀጭን ሆኖ ወጣ። ደገመችው። ከዚያ ወደ ሠልጣኞቹ ዞራ ነገረቻቸው፤ መደቦቹ የአራት ሴቶች እንደሆኑ፣ ሴቶቹ አሁን ገበያ እንዳሉ፣ ዛሬ እንደሚነሡ ማንም እንዳልነገራቸው፣ እሷም ዛሬ ጠዋት በአጋጣሚ እንደሰማች። አንዷ አክስቷ እንደሆነች አልተናገረችም። ካሜራ የያዘው ሰው ካሜራውን ዝቅ አደረገ። ኃላፊው አልተቆጣም፤ የመቆጣት ልማድ የለውም፣ ለስላሳ ነው። "ቦታው የሕዝብ ነው" አለ። "ሕዝቡ ደግሞ እነሱ ናቸው። አንቺ አይደለሽም እንዴ ዳርቻው ይተከል ያልሽው?"

መልስ ከመስጠቷ በፊት ጡረተኛው ተናገረ። "ልጄ፣ እኔ ሁለት ዓመት ቅዳሜዬን እዚህ የምጨርሰው ለወፍ ብዬ አይደለም" አለ። በዶማው ጫፍ ወደ ታች፣ ወንዙ ወደሚታጠፍበት፣ ጣሪያቸው ብቻ ወደሚታይ ቤቶች አመለከተ። "የመጀመሪያው የኔ ነው። አምና ይህ አፈር ነው ማድ ቤቴ የገባው። ባለቤቴ ከአልጋ አትወርድም፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጫማዬን አድርጌ ነው የምተኛው፣ ተሸክሜያት ለመሮጥ። ሴቶቹ ያሳዝኑኛል። እኔስ አላሳዝንም?" መልስ ሳይጠብቅ ወደ ታችኛው መደብ ወጣና ዶማውን አነሣ። የመጀመሪያው ቆስጣ ከነሥሩ ተገልብጦ ወደቀ። ከዚያ ሁለተኛው። ሁለት ሰዎች ተከተሉት፤ ሌሎቹ እጃቸውን የሚያደርጉበት ጠፍቷቸው ቆሙ። ነርሷ "አባባ፣ እስቲ ቆይ" እያለች እጀታውን ለመያዝ ትሞክራለች፤ እሱ ዝም ብሎ ይቆፍራል። መምህርቷ በመካከላቸው ገባች፤ ምን እንዳለች በኋላ ስታስበው አንዱንም ቃል አላስታወሰችውም።

አክስቷ ስትደርስ ያየችው ይህንን ነበር። የካሮት መደብ ያላት ጎረቤቷ ከላይ ካለው መንገድ አይታ ሮጣ ጠርታት ነው የመጣችው፤ ቅርጫቱ ገና ግማሽ ያህል ቆስጣ እንደያዘ ክንዷ ላይ አለ። አልጮኸችም። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። የተገለበጡትን ቆስጣዎች አየች፣ የሰዎቹን ጫማ አየች፣ ከዚያ የእህቷን ልጅ አየች። መካከላቸው የነበሩት እርምጃዎች ሁሉ እያለቁ ሲመጡ የመምህርቷ እጅ ጃንጥላውን እንደ ምርኩዝ ተመረኮዘ።

"ጠዋት ይህንን ነው ረሳሁ ያልሽኝ?" አለች አክስቷ ወደ ጃንጥላው እያየች፤ ድምፅዋ ለእሷ ብቻ የሚሰማ ነበር።

"አዎ፣ እትዬ።"

"ስትመጪ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

አክስቷ ራሷን ነቀነቀች፤ አንድ ጊዜ፣ ሒሳብ እንደገጠመላት ሰው። ከዚያ ቅርጫቱን አስቀምጣ፣ ከመቀነቷ ቢላዋዋን አውጥታ፣ ጡረተኛው እግር አጠገብ ተንበረከከች። "ዶማውን ያቆዩልኝ፣ አባቴ" አለችው። "ልቁረጠው። ቢያንስ ይሸጣል።" መቁረጥ ጀመረች። ጡረተኛው ዶማው እንደተነሣ ቀረ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ አወረደው። ነርሷ ተንበርክካ የተቆረጠውን ትሰበስብ ጀመር። ኃላፊው ካሜራ የያዘውን ሰው በክርኑ ጎሸመው። "ይህንን ቅረጽ" አለው፤ "ባለ መደቦቹ ራሳቸው በፈቃደኝነት እየተባበሩ ነው በል።"

መምህርቷ ይህን ስትሰማ ጃንጥላውን አስቀመጠች። ለመትከያ የመጣውን ገመድ ከጋሪው አወጣች፤ አንዱን ጫፍ ከታችኛው የቆስጣ መደብ ራስ ላይ ካለው ችካል አሰረች፣ ሌላውን እየዘረጋች በዳርቻው ርዝመት ሄዳ ድንጋይ ላይ ጠመጠመችው። "ከገመዱ በታች እንተክላለን" አለች ለሁሉም። "ከገመዱ በላይ አንድ ቅጠል የነካ ሰው ከኔ ጋር አይማርም። ካሜራውም ይቅረጸው፤ ሴትዮዋ አክስቴ ናት፣ ማንም አልጠየቃትም፣ እኔም አልነገርኳትም።"

"ገመዱን ማን ፈቀደልሽ?" አለ ኃላፊው።

"ሴቶቹን አልጠየቋቸውም። እኔም እርስዎን አልጠየቅኩም።"

ኃላፊው ፈገግታውን አጥፎ ኪሱ የከተተው መሰለ። ወደ እሷ ቀረበና፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ እንድትሰጠው፣ ሰኞ ቢሮ እንዳትደክም፣ ሰኞ ግን ደንብ አስከባሪ ከቁፋሮ ማሽን ጋር እዚህ እንደሚገኝ ነገራት። ቁልፉን ሰጠችው። ከጠዋት ጀምሮ ኪሷ ውስጥ ስትፈትለው ስለነበር እንደ ሰው እጅ ሞቆ ነበር። ካሜራ የያዘው ሰው ተከትሎት ወጣ፤ ሦስት አራት ሠልጣኞችም ሰዓት እያዩ አብረው ሄዱ።

ጡረተኛው ገመዱን ቁልቁል አየ። "ይህቺ ሦስት ክንድ ቦታ ቤቴን ልታድን?" አለ።

"ከምንም ይሻላል፣ አባባ።"

"ከምንም ይሻላል ተብሎ የተሠራ ቤት ነው እኮ የኔ" አለና፣ እጁ ላይ ምራቁን እንትፍ ብሎ፣ ለመጀመሪያው አኻያ ጉድጓድ ቆፈረ። አክስቷ ቆስጣውን እየቆረጠች ቀደመች፤ የተለቀቀውን መደብ እነሱ እየተከሉ ተከተሏት። ከገመዱ በታች ያለው መደብ የእሷ ብቻ ስለነበር የከፈለችው እሷ ብቻ ናት። ሰው ብዙም አላወራም። መምህርቷ ከአክስቷ ጎን ሆና ለመቁረጥ ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ ሁለት ጊዜም አክስቷ ወደ ሌላው ጫፍ ተዛወረች።

ማታ ቤታቸው ውስጥ ሦስት ቅርጫት ቆስጣ ነበር። የቀረው ገበያ ሊዘጋ ሲል በግማሽ ዋጋ ሄዷል፤ የተቆረጠ ብዙ ቆስጣ ያላት ሴት መቸኮሏን ገዢ ሁሉ ከሩቅ ያውቃል። አክስቷ እግሯን ታጠበች፣ ልብሷን ቀየረች፣ ለጎረቤቷ በግድግዳው በኩል ደህና እደሪ አለች። ለእህቷ ልጅ ምንም። መምህርቷ ከመጋረጃው ወዲህ፣ አልጋዋና የመጽሐፍ መደርደሪያዋ ብቻ በሚገቡባት ክፍል ተቀምጣ፣ ከወዲያ የሚመጣውን ድምፅ ሁሉ ታዳምጣለች፤ ጣሳው ሲቀመጥ፣ ዱካው ሲገፋ። ልትነሣ ትልና ትቀመጣለች። ይቅርታ የሚለውን ቃል በልቧ እያዞረች ብዙ ቅርፅ ሰጠችው፤ አንዱም በመጋረጃው በኩል የሚያልፍ አልመሰላትም። ሥራ እንደሌላት ትዝ ሲላት እንኳ የሌላ ሰው ወሬ ነበር የሚመስላት። ትዝ ያላት ጊዜ ሁሉ መልሳ የምታስበው ሰኞን ነው።

መጋረጃው ተገለጠ። አክስቷ ወደዚህ ክፍል ሳትጠራት አትገባም፤ ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን ከደረሰች ጀምሮ እንዲህ ነው። አሁን ገባችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መዳፎቿን ጭኗ ላይ ዘረጋቻቸው፤ የቆስጣው ጭማቂ ጣቶቿን አጥቁሯቸዋል።

"ያ ያስተከልሽው እንጨት" አለች፣ "ይይዛል?"

መምህርቷ ለሠልጣኞቿ የምትለው ነገር ነበራት፤ አኻያ ውሃ ካገኘ ድንጋይ ላይም ይበቅላል የምትለው፣ ሰውን የሚያስደስተው። ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር። "ላይይዝ ይችላል" አለች። "ዘግይተናል። ሥር ሳይሰድ ክረምቱ ከገባ ግማሹን ውሃ ይወስደዋል።"

"የሰውዬውስ ቤት?"

"ዘንድሮ አያድነውም። ከርሞ ምናልባት።"

አክስቷ የጠቆሩ ጣቶቿን አሻሸች። "የላይኛው መደብስ?"

"ሰኞ ማሽን ይዘው ይመጣሉ። ለኔ ብቻ ነው የነገረኝ፤ ከሰዓት ጀምሮ እንዴት ልበልሽ እያልኩ ነው።" መምህርቷ ዓይኗን ከአክስቷ እጅ ላይ አላነሣችም። "ያስነሡሻል፣ እትዬ። ሁላችሁንም። ከልካይ የለንም።"

ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤቱ ሳለ፤ ሳሉ እስኪያልፍ ሁለቱም ጠበቁ። አክስቷ አላለቀሰችም፣ ፊቷም መምህርቷ ጠዋት እንደፈራችው አልተለወጠም። የደከመው እንደደከመ ነው፤ ትንሽ የገረጣ ብቻ።

"አየሽ?" አለች። "እንዲህ ተብሎ ሲነገረው ሰው አይሞትም።"

አክስቷ ጉልበቷን ይዛ ተነሣች፣ መጋረጃውን ገልጣ ግማሽ አካሏ ከወዲያ ሆኖ ቆመች። "ሳይነጋ እንወርዳለን። ነገ ሙሉ ቀን አለን፤ የደረሰውን ሁሉ እንቆርጣለን፣ ያልደረሰውንም እንነቅላለን፤ ለማሽን የምተወው ቅጠል የለኝም። ሰኞ ደግሞ እዚያው ነኝ፣ ባዶ መሬቱ ላይ ቆሜ ይጠይቁኝ። እነዚያ ሦስቱ ሴቶች ግን አያውቁም። የካሮቷ እንኳ ለዛሬ ተርፈናል ብላ ነው የገባችው፤ ስትዘፍን ሰምቻታለሁ። አንቺ ነሽ የምትነግሪያቸው።"

"ምን ብዬ?"

"እንዳሁኑ ብለሽ።"

ገና መሽቶ አላበቃም፤ የግቢው ሴቶች ዕቃ እያጠቡ ነበር፣ በሮቹ አልተዘጉም። መምህርቷ ጭቃው ያልደረቀ ጫማዋን አጠለቀች። አክስቷ ከሦስቱ ቅርጫቶች አንዱን ገፋ አድርጋ መተላለፊያ ሰጠቻት። የካሮት ተካይዋ በር ሁለት ቤት አልፎ ነው፤ ደርሳ ስታንኳኳ ከውስጥ ዘፈኑ ቆመ።